ሰበቃ የማን ነው?

የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ሰበቃ የሚናገረውን ምዕራፍ ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ያስከትላል። ብረት በብረት ላይ ይህን ያህል፣ እንጨት በእንጨት ላይ ያን ያህል፣ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ያህል እያለ ቁጥር ይደረድራል። ቁጥሩ የሚነግረን አንድን ዕቃ ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል ዕቃው ወለሉን ከሚጫንበት ኃይል ስንት እጅ እንደሆነ ነው። የሰበቃ ኮኤፊሸንት ይባላል፤ እዚህ ባጭሩ የሰበቃ ቁጥር እንበለው። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ያባዛዋል፣ ያልፋል። ሠንጠረዡ ግን ከፈተናው በኋላም ከጭንቅላቱ አይወጣም፤ ሰበቃን እንደ ክብደትና እንደ ቀለም የየዕቃው የግል ጠባይ አድርጎ ማየትን ያስለምደዋል። ይህ ልማድ ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪና ሲገለበጥ፣ ሞተር ሳይደርስበት ሲያረጅ፣ ሐኪም ለበሽተኛው የማይሆን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሲተክል፣ ከስህተቱ ሥር ይህ አስተሳሰብ ተደጋግሞ ተገኝቷል።

«ሰበቃዊ» የሚለው ቅጽል ለአንድ ዕቃ ብቻ ሲሰጥ ትርጉሙ ይጎድላል። የፍሬን ሸራን «ከፍተኛ ሰበቃ ያለው»፣ ቴፍሎንን «ሰበቃ የለሽ» እያልን እንጽፋለን። በዚህ ረገድ የጋራዥ ቋንቋ ይሻላል። ሾፌርና መካኒክ «ፍሪሲዮን» የሚሉት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በመጣበት አገር ሰበቃ ማለት ነው። እኛ ጋ የመኪና ክላች መጠሪያ ሲሆን የአንድ ቁስ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። «ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ» ሲባል ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ብረት፣ ስፕሪንጉ፣ ዘይት ፈስሶበት ከሆነም ዘይቱ ሳይቀር አብረው ይጠራሉ። ሳይንሱ ወደዚህ አነጋገር የደረሰው ከብዙ ዘመን ልፋት በኋላ ነው።

ልፋቱ የሚጀምረው ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1493 ገደማ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በማስታወሻ ደብተሩ ሁለት ነገር መዘገበ። ክብደቱ ሲጨምር ሰበቃውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ዕቃው በሰፊ ጎኑ ቢተኛ ወይም በጠባቡ ቢቆም ግን ለውጥ የለም። ደብተሩ ሳይታተም ስለቀረ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 ያንኑ እንደ አዲስ አግኝቶ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ሁለቱም ለዕቃ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር እንዳለ ገምተው ነበር፤ ሊዮናርዶ አንድ አራተኛ፣ አሞንቶን አንድ ሦስተኛ አሉ። ሰበቃ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ «የማንም አይደለም፣ የክብደት ብቻ ነው» የሚል ነበር ማለት ነው።

ይህን ያፈረሰው የጦር መሐንዲሱ ሻርል ኦጉስተን ኩሎም ነው። በሮሽፎር የባሕር ኃይል ወደብ እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ገመዱንና ሞራውን እየቀያየረ ለካ፤ ሥራውም በ1781 የአካዳሚውን ሽልማት አገኘ። ኩሎም ጥንዱ ሲለወጥ ቁጥሩም እንደሚለወጥ ከማሳየቱም ሌላ ለኔ የበለጠ የሚገርመኝን ነገር አስተዋለ። ሁለት እንጨቶች ተነባብረው በቆዩ መጠን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል እያደገ ይሄዳል። ዕቃው ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው፣ የጨመረው ጊዜ ብቻ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ጊዜ የሚባል ዓምድ የለም።

የስፋቱ እንቆቅልሽ የተፈታው በሃያኛው ክፍለ ዘመን በካምብሪጅ ነው። ፍራንክ ፊሊፕ ቦውደን እና ዴቪድ ቴቦር እንዳሳዩት ለዓይን ልስልስ የሚመስል ብረት በማጉያ ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው፤ ሁለት ብረቶች ሲነባበሩም የሚነካኩት በጫፎቻቸው ብቻ ነው። እውነተኛው የመነካኪያ ስፋት ከሚታየው ስፋት እጅግ ያነሰ ነው። ጫናው ሲጨምር ጫፎቹ ይጨፈለቃሉ፣ አዳዲስ ጫፎችም ይነካካሉ፣ ስለዚህ እውነተኛው ስፋት ከጫናው ጋር አብሮ ያድጋል። ዕቃው በየትኛውም ጎኑ ቢተኛ ጫናው ያው እስከሆነ ድረስ የሚነካካው ስፋት ያው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የነዚያ ጫፎች ዕጣ ደግሞ በሁለቱም ወገን ይወሰናል። የትኛው ለስላሳ ነው? የትኛውን ዝገት ሸፍኖታል? በመካከል ምን ገብቷል? አንዱን ብቻ ይዞ መልስ መስጠት አይቻልም።

በመካከል የሚገባው ነገር የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ቦቻምፕ ታወር የባቡር አክስል የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይመረምር ነበር። ዘይት ሊያስገባ አናቱን ቢበሳው ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ፈሰሰ። በውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተስፈንጥሮ ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲገጥምለት ውስጡ ያለው ግፊት ከአማካዩ ጫና እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ይህን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው አክስል ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠበው ክፍተት ያስገባዋል፤ ተጨንቆ የገባው ዘይትም ብረቱን ከብረቱ አንስቶ ይሸከማል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ፔትሮቭም በ1883 በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ጽፎ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰበቃው የዘይቱ ሆነ፤ ብረቶቹ ጨርሶ አይነካኩምና።

ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትሪቤክ በ1902 ያወጣው ልኬት ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ሰብስቦታል። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል፣ ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ጫናው ሲበዛ ብረት ከብረት ይነካካል፣ ሰበቃውም ከፍ ይላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ዘይቱ መሸከም ይጀምራል፣ ሰበቃውም ወርዶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ግን እንደገና ይወጣል፤ አሁን የሚያስቸግረው ወፍራሙን ዘይት ራሱን መቁረጡ ነው። «ወፍራም ዘይት ሞተር ያኖራል» የሚለውን በየጋራዡ የሚሰማ ምክር እንዲሁ መቀበል የማልወደው ለዚህ ነው። አርጅቶ ክፍተቱ ለሰፋ ሞተር ሊጠቅም ይችላል። ለጠባብ ክፍተትና ለቀጭን ዘይት ለተሠራ አዲስ ሞተር ግን፣ በተለይ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ሲነሣ፣ ዘይቱ ሁሉም ቦታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ እስኪደርስም ብረቱ ይበላል።

አየሩም ቢሆን ከጥያቄው ውጭ አይደለም። ግራፋይት በእጅ ሲነካ የሚያሟልጭ ነው፤ ለዚህም ነው ለማለስለሻነት የሚውለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ብለው መብረር ሲጀምሩ ግን የጄኔሬተሮቻቸው የካርቦን ብሩሾች ባልተጠበቀ ፍጥነት እየተበሉ አለቁ። በኋላ እንደታወቀው ግራፋይት የሚያሟልጨው አየሩ ውስጥ የውሃ ተን ሲኖር ነው፤ በደረቁ ከፍታ ያ ጠባዩ ይጠፋል። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አየር በሌለበት በደንብ ይሠራል፣ እርጥበት ባለበት ቶሎ ይበላሻል። ወደ ጁፒተር የተላከችው የጋሊሊዮ መንኮራኩር በ1991 ዋናውን አንቴናዋን እንድትዘረጋ ስትታዘዝ አንቴናው እንደ ዣንጥላ መከፈት ሲገባው ከፊሉ ተያዘ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት መንኮራኩሯ ከመተኮሷ በፊት በመኪና ስትመላለስ በንዝረቱ ምክንያት የአንቴናው ፒኖች ደረቅ ቅባታቸውን ማጣታቸው ነው። የተቀባው ነገር ለጠፈር ተስማሚ ነበር። የከዳው በምድር አየር ውስጥ፣ በመንገድ ላይ ነው። ተልእኮው በትንሿ አንቴና እየተንገታገተ መቀጠል ግድ ሆነበት።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ወደሚደባለቀው ነገር እመጣለሁ። ሰበቃ አንድ ነገር ነው፣ መበላት ሌላ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜም አይሄዱም። ጆን አርቻርድ በ1953 ባወጣው ቀመር የሚበላው መጠን ከጫናውና ከተንሸራተተበት ርቀት ጋር ያድጋል፣ ከጥንካሬው ጋር ይቀንሳል። በቀመሩ ውስጥ ያለው ከጥንድ ጥንድ የሚለየው ቁጥር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በብዙ ሺህ እጥፍ ሲለያይ፣ የሰበቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ነጥብ አንድ እስከ አንድ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ይህን እውነት በሰው ገላ ላይ የተማረው ሰር ጆን ቻርንሊ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ራይቲንግተን ሆስፒታል የዳሌ መገጣጠሚያ ሲቀይር ዓላማው ሰበቃውን እስከተቻለ ድረስ ዝቅ ማድረግ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውንም «ዝቅተኛ ሰበቃ» በሚል ስም ጠራው። የኳሱን ዲያሜትር ወደ 22 ሚሊሜትር አሳነሰ፤ ኳሱ ለሚገባበት ዋንጫ ደግሞ በጊዜው ከሚታወቁት ሁሉ የሚያሟልጨውን ቴፍሎን መረጠ። በሽተኞቹ ከሕመማቸው ተገላግለው መራመድ ጀመሩ፣ ውጤቱም አስደናቂ መሰለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የብረቱ ኳስ ዋንጫውን እየቦረቦረ ገባ። የተበላው ቴፍሎን ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ፣ አጥንቱንም አላላው። ቻርንሊ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ የሠራውን ሥራ እየከፈተ ማስተካከል ግድ ሆነበት። መፍትሔው የተገኘው በ1962 ነው። ቴክኒሻኑ ሃሪ ክሬቨን ለሌላ ሥራ የሚውል ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ አግኝቶ፣ ቻርንሊ እምብዛም ባያምንበትም፣ መፈተኛው ማሽን ላይ አስገባው። የፖሊኤትሊኑ ሰበቃ ከቴፍሎኑ ይበልጣል። መበላቱ ግን ከቴፍሎኑ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ጥቂት ብቻ ነው የተበላው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለሰው መተከል ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉት ዓይነቶቹ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይተከላሉ። ቻርንሊ የሁለቱንም ቁስ ናሙና በገዛ ጭኑ ውስጥ ቀብሮ ሰውነቱ ምን እንደሚል እስከ መፈተሽ ደርሷል። ሠንጠረዡን ያነበበ ሰው ቴፍሎንን ይመርጣል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ምን ያህል ያሟልጫል ሳይሆን በዚያ ጫና፣ በዚያ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ፣ ያንን ብረት ተደግፎ ስንት ዓመት ይቆያል የሚል ነበር።

መበላት የሚፈለግበት ሥራም አለ። የእጅ ወፍጮ የሚፈጨው ሸካራ በመሆኑ ነው፤ መጁና ወፍጮው እርስ በርስ እየተላላሱ ሲሄዱ እህሉ ማምለጥ ይጀምራል፣ ፈጪዋም ትደክማለች። ያን ጊዜ ወፍጮው መወቀር አለበት። ሸካራነቱን በየጊዜው መመለስ የሥራው ግማሽ ነው፤ የሸካራነቱ ዋጋ ደግሞ ከድንጋዩ ተፍቆ ዱቄቱ ውስጥ የሚገባው ደቃቅ ነው። ይህን የሚያውቁ እናቶች ድንጋይ ሲመርጡ ጥንካሬውን ብቻ አያዩም። ሲበላ ቀዳዳ እያወጣ የሚሸክረውን ሲበላ ከሚልሰው ይለያሉ።

ሰበቃ ድምፅም ይሰጣል። ማሲንቆ አዝማሪው የደጋኑን ጭራ ሙጫ ካልቀባው አይጮኽም። ሙጫው ጭራውን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ደጋኑ ሲሳብ ክሩ አብሮ ይሳባል፣ ውጥረቱ ሲያይል ያመልጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ይጣበቃል። ይህ በሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቆመው ሰበቃ ከሚንሸራተተው መብለጡ ነው፤ ኩሎም ያየው የቆይታ ነገር እዚህም አለ ማለት ነው። በ1966 ዊሊያም ብሬስ እና ጄምስ ባየርሊ ይህንኑ መያዝና ማምለጥ ወደ ምድር ስንጥቅ ወሰዱት። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አሉ፣ አዲስ አለት መሰበር ሳይሆን የቆየ ስንጥቅ ተይዞ ኖሮ ማምለጡ ነው። ከዚያ ጄምስ ዲተሪክ በ1979፣ አንዲ ሩይና በ1983 የስንጥቁ ሰበቃ በፍጥነቱና ስንጥቁ ሳይንቀሳቀስ በቆየበት ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ በቀመር አስቀመጡት፤ ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች የሚሠሩት በዚሁ ነው።

በስንጥቁ መካከል የሚገባው ፈሳሽም እንደ ታወር ዘይት ጫና ይሸከማል። በዴንቨር አጠገብ ከ1962 ጀምሮ የጦር ኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ሲጨመር ጸጥ ብሎ የኖረው አካባቢ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፈሳሹ የአለቱን ጫና ስለተጋራ የያዘው ሰበቃ ላላ። እኛ አገር ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለው መንቀጥቀጥ መነሻው ከሥር የገባ ቅልጥ አለት ነው። መሬቱን የሚገፋው ቅልጥ አለቱ ይሁን እንጂ ግፊቱ እያንዳንዱን ስንጥቅ መቼ እንደሚያስለቅቀው የሚወስነው ስንጥቁ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። ስንጥቆቹ ደግሞ ጥልቅ ናቸው፤ ሰበቃቸውን ወርዶ የሚለካ የለም።

የዚህ ሁሉ ጥናት መጠሪያ የሆነው ትራይቦሎጂ የሚለው ስም በይፋ የወጣው በዚያው በ1966 ነው። ፒተር ጆስት የመራው ቡድን ለብሪታንያ መንግሥት ባቀረበው ዘገባ ሰበቃን፣ መበላትንና ቅባትን አንድ ላይ አጥንቶ በሥራ ማዋል አገሪቱን በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያተርፋት እንደሚችል ገመተ። ከዚያ በፊት ሰበቃ የፊዚክስ፣ መበላት የብረታ ብረት፣ ዘይት የኬሚስትሪ ሆነው በየቤታቸው ይጠኑ ነበር። የዘገባው ትልቁ ውለታ ከገንዘብ ግምቱ ይልቅ እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማምጣቱ ይመስለኛል። በ2017 ኬኔት ሆልምበርግ እና አሊ ኤርዴሚር ባሳተሙት ስሌት የዓለም ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ 23 በመቶው ከሚነካኩና ከሚንቀሳቀሱ አካላት ጋር የተያያዘ ነው፤ 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 በመቶው የተበላውን ለመተካት ይውላል። ይህን አይቶ መበላትን እንደ ትንሽ ነገር መቁጠር ግን ስህተት ነው። 3 በመቶው የኃይል ሒሳብ ብቻ ነው፤ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና አንድ ኩሽኔታ እስኪመጣ ማሽን አቁማ ለምትጠብቅ አገር ክብደቱ ያለው መበላቱ ላይ ነው።

በአቶም ደረጃ ያለውን ጥናት ባጭሩ ላንሳ። በ1987 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በአንዲት መርፌ ጫፍ የሚሰማውን ሰበቃ መለካት ቻሉ። በ2004 በኔዘርላንድስ ላይደን ሁለት የግራፋይት ገጾች አቶሞቻቸው እንዳይገጣጠሙ ተደርገው ሲዞሩ ሰበቃው እስከማይታወቅ ድረስ እንደሚወርድ ታየ። ቁሱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው እርስ በርስ የቆሙበት ማዕዘን ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር አላውቅም።

ጉዳዩ ለኛ ሕይወትና ሞት የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሃ ፅዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 390 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ይህ ከ1,000 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልያዘው ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው ሸራውና ታምቡሩ ውስጥ ነው። ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፣ የሸራውን ቁስ እርስ በርስ ያጣበቀው ሙጫ እየተቃጠለ ጋዝ ያወጣል፣ የሰበቃ ቁጥሩም ይወድቃል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። ያው ሸራ ከላይ ሲነሣ የነበረው ሰበቃ ከታች የለውም፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሊመለስለት ይችላል። ከአደጋ በኋላ የቀዘቀዘ ፍሬን ፈትሾ «ደህና ነበር» የሚል መርማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ሒሳብ ይለውጡታል። ቁልቁለት ላይ ሞተራቸው ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ሸራው ያርፋል። ሆኖም አናት ላይ ባትሪውን ሞልቶ የሚነሣ ሰው ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ጭነቱ ተመልሶ በሸራው ላይ ይወድቃል፤ ይህን ለአዲስ ባለመኪኖች የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። እምብዛም የማይነካ ፍሬንም ይዝጋል፤ በሞተሩ ኩሽኔታ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክም የኳሶቹን መንገድ እየነደለ ይበላዋል። ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ሸራ ሲገዛ ሊታይ የሚገባው ምልክት አለ። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ በአሜሪካ መሐንዲሶች ደረጃ መሠረት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ይታተማሉ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ግሎ ሳለ የተለካውን የሰበቃ ቁጥር ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። «ኤፍ ኤፍ» የተጻፈበት ሸራ ሲግል ደረጃውን ይጠብቃል፤ «ኤፍ ኢ» የተጻፈበት ሲግል ይወርዳል። በአባይ በረሃ፣ በጣርማ በር ወይም በሊማሊሞ የሚወርድ መኪና ባለቤት ሁለተኛውን ፊደል ሳያይ መግዛት የለበትም። ሁለቱ ፊደላትም የሚናገሩት ትንሽ ቁራጭ ሸራ በመፈተሻ ታምቡር ላይ ሲታሸት ስለተገኘው ብቻ ነው። የራስዎ ታምቡር ከተሰነጠቀ፣ ከልክ በላይ ከተላጨ ወይም ግራሶ ከነካው ያ ቁጥር የእርስዎ መኪና ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ሸራ የሚቀይር መካኒክ ታምቡሩን አውጥቶ በመለኪያ ሳይለካ መልሶ እንዳይገጥም መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው፤ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም ይህን ልኬት ከሸራ ቅየራው ጋር አንድ ሥራ አድርገው ቢያስተምሩ፣ ቁልቁለት ላይ የሚተርፈው ሰው ቁጥር ቀላል አይሆንም።